የመደርደሪያው ፍርድ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ብሂል። አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በጽሑፍ ያለ ሁሉ አልተወረሰምና። ከጽሑፉና ከወራሹ መካከል አንድ ሰው ቆሟል። ያ ሰው መጽሐፉን ተቀብሎ በመዝገብ ያሰፍራል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በመደርደሪያ ላይ ያኖረዋል፤ ወይም አይቀበለውም፣ አያሰፍረውም፣ አያኖረውም። ሥራው ጸጥ ያለ ነው። ነጋሪት አይጎሰምለትም፤ በጋዜጣም አይወጣም። ሆኖም በዚያ ጸጥታ ውስጥ ፍርድ አለ፤ ከሳሽ ሳይቆም፣ ተከሳሽ ሳይሰማ፣ ይግባኝ ሳይባልበት የሚያልቅ ፍርድ ነው። እንግዲህ የሚነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ ይህ ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ መጻሕፍት የሚመርጥ ሰው፣ ምርጫው በጊዜው ሥልጣን ወይም በራሱ ፖለቲካዊ እምነት ቢመራ ተግባሩን ተወጣ ይባላል ወይስ በደለ?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ እንዳይንሳፈፍ በአንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይበጃል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በጋሞ ተራሮች አናት ላይ ጉም ተከናንባ የተቀመጠች ከተማ ናት። አርባ ምንጭ ከመቆርቆሯ በፊት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ነበረች። የዶርዜ ሸማኔ ጥበቡን ይዞ እስከ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ የዘለቀው ከዚሁ ደጋ ተነሥቶ ነው። በዚህች ከተማ አራት መደርደሪያ ያለው አንድ የሕዝብ ንባብ ቤት አለ እንበል። ለጠባቂው የአንድ መቶ መጻሕፍት መግዣ ተፈቀደለት እንበል። ተማሪው ለፈተና የሚረዳውን መጽሐፍ ይሻል። ገበሬው ደጋው ስለሚታወቅበት የአፕል ተክል ማንበብ ይፈልጋል። ጡረታ የወጣው መምህር የታሪክ መጽሐፍ ያማርጣል፤ ወጣቷ ልብ ወለድ ትጠይቃለች። አንድ መቶ መጽሐፍ ለሁሉም አይዳረስም፤ ጠባቂው የግድ ይመርጣል።

ስለዚህ «ምርጫ ሁሉ አድልዎ ነው» የሚለው ክስ ከጅምሩ አይቆምም። ቦታውና ገንዘቡ ውሱን በሆነበት ሁሉ መምረጥ የሙያው ግዴታ እንጂ የሙያው ኃጢአት አይደለም። የሚያከራክረው ምርጫ የቱን ወሰን ሲያልፍ ክልከላ ይሆናል የሚለው ነው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ምሁር ሌስተር አሺም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ አንድ መለያ ሰጥቷል። በእርሱ አስተያየት መራጭ መጽሐፉን ለመያዝ የሚያበቃ ምክንያት ይፈልጋል፤ ከልካይ ደግሞ መጽሐፉን ለመጣል የሚያበቃ ምክንያት ይፈልጋል። መራጭ ሥራውን በምልዓት ያያል፤ በአንባቢውም አስተዋይነት ይተማመናል። ከልካይ ግን አንዲት ገጽ፣ አንዲት ቃል፣ አንዳንዴም የደራሲውን ስም ብቻ ነጥሎ ይይዛል። በመጨረሻ ሁለቱም መጽሐፉን ሳያስገቡት ሊቀሩ ይችላሉ። ከውጭ ለሚመለከት ሰው መደርደሪያው ያው ነው፤ ልዩነቱ በልብ ውስጥ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሰውን ልብ ማን ያያል?

ልብ ባይታይም ድርጊት ይታያልና፣ የኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ የክልከላን ፊት ገልጦ አሳይቷል። በ1955 ዓ.ም. የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ታተመ። በማሕፀን ያለ ፅንስ ፍትሕ ወደ ጎደለው ዓለም አልመጣም ብሎ የሚሟገትበት መጽሐፍ ነው። ብዙ ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ሃያ ዓመት አለፈ፤ ዘውዱ ወደቀ፣ ባላባቱ ተሻረ፣ መፈክሩ ተለወጠ። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በመንግሥቱ በራሱ ተቋም፣ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ወጣ። የቀይ ኮከብ ዘመቻን ከውስጥ ሆኖ የሚያይ ልብ ወለድ ነበርና፣ መሸጥ ከጀመረ በኋላ ታገደ። ደራሲው በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ከሁለቱ መጻሕፍት መካከል ባሉት የቀይ ሽብር ዓመታት ደግሞ ክልከላው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አልፎ ወደ ሰው ጓዳ ዘልቆ ነበር። አሰሳ የፈራ አንባቢ በገዛ ገንዘቡ የገዛውን መጽሐፍ በገዛ እጁ አቃጠለ፤ ወይም በጓሮው ቆፍሮ ቀበረ።

አንዱ ሥርዓት በመለኮታዊ ሥልጣን፣ ሌላው በሰፊው ሕዝብ ስም የሚምል ነበር። በመሬት ይዞታ፣ በሃይማኖት፣ በውጭ ወዳጅነት የማይገናኙት ሁለቱ ሥርዓቶች በመጽሐፍ ነገር ተገናኙ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። መጽሐፍን በፖለቲካ ሚዛን መዝኖ መጣል የአንድ ርዕዮተ ዓለም ልጅ አይደለም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አስተሳሰብ ልጅ ነው። ንጉሡ ስሙን ይለውጣል፤ አንዳንዴ ንጉሥ፣ አንዳንዴ ፓርቲ፣ አንዳንዴም ብሔር ይባላል። አለመከሰሱ ግን ሳይለወጥ ይቀራል።

ታሪኩ ከዚህም ይርቃል። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከንጉሡና ከዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር በመጋጨታቸው ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ተገደሉ። በፍርዱ የተሸነፉት እነርሱ ነበሩ። ሆኖም ገድላቸው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ተጠብቆ ዘመናትን ተሻገረ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ወደ አማርኛ መልሰው ለዛሬው አንባቢ አደረሱት። የዚያን ዘመን ክርክር ዛሬ በሁለት ወገን ለማየት የሚቻለው የተሸናፊው መጽሐፍ ስላልጠፋ ነው። የአሸናፊው ዜና መዋዕል ብቻ ቢቀር ኖሮ ትውልድ አንድ ድምፅ ሰምቶ «ታሪክን አወቅሁ» ባለ ነበር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ነገር ግን እውነት እያደር እንዲጠራ እስኪነጋ የሚያድርበት ቤት ያስፈልገዋል። ቤተ መጻሕፍት ያ ማደሪያ ነው።

እስካሁን የተነገረው ጩኸት ስላለው ክልከላ ነው። ዛሬ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ጩኸት የሌለው ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ መሆኑን ደነገገ። ሕጉ የሚናገረው ግን ስለሚታተመው ነው፤ ስለሚገዛው አይደለም። አንድ ንባብ ቤት የባለሥልጣንን መጽሐፍ በአሥር ቅጂ ገዝቶ የተቺውን በአንድም ባይገዛ የጣሰው አንቀጽ የለም። መጽሐፉ አልታገደም፤ ደራሲው አልታሰረም። ብቻ የጨንቻው ወጣት እጁን ሲዘረጋ አያገኘውም። በዚህ ዓይነት የሚፈጸም አድልዎ ምልክት አይተውም፤ ያልተገዛ መጽሐፍ በካታሎግ ውስጥ ባዶ ቦታ እንኳ የለውምና።

ገንዘቡ ባጠረ ቁጥር ደግሞ መራጩ ሌላ ይሆናል። ንባብ ቤት በስጦታ ሲሞላ የሰጠ መረጠ። በደርግ ዘመን በሞስኮው ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ የታተሙ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም መጻሕፍት ወደ አገራችን ይገቡ ነበር። በኋላ በመጣው ጊዜ ደግሞ ከምዕራብ አገሮች በልገሳ የሚላኩ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መደርደሪያ ይሞሉ ጀመር። ስጦታን ማመስገን ይገባል፤ ባዶ መደርደሪያ ማንንም አያስተምርም። ሆኖም ለጋሹ የራሱን ዓለም ይልካል እንጂ የጋሞን ደጋ አይልክም። የተቀበለው ንባብ ቤት «ሞላሁ» ብሎ ሲያርፍ አድልዎው ማንም ሳያስበው ይፈጸማል።

በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲለወጥም ለመጽሐፍ ጠባቂዎች አንድ ፈተና ቀርቦ ነበር። ትናንት በግንባር ቦታ የተደረደሩት የሌኒን ቅጾች ዛሬ ምን ይሁኑ? «ሕዝብ አስፈጅተዋልና ይጣሉ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ትውልድ በሙሉ ስለምን ተሟግቶ፣ ስለምን ተጋድሎ እንዳለቀ ለመረዳት የሚሻ ተማሪ እነዚያን መጻሕፍት ሳያነብ ሊረዳ አይችልም። ግንባር ቦታቸውን መልቀቃቸው ተገቢ ነው፤ ከቤቱ መባረራቸው ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ሁለተኛው በቀል ነው።

ከሁሉም የሚረቀው አድልዎ ግን ጨርሶ ያልተጻፈው መጽሐፍ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓለም ዘንድ የተመሰገነ ታላቅ ሥራ ነበር። ማስተማሪያዎቹ በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጁ። ከእነዚህ መካከል ወላይትኛ ነበረ፤ ጋሞኛ አልነበረም። ይህ የማንም ክፋት ነው ለማለት አይደለም፤ ለሁሉም ቋንቋ በአንድ ጊዜ መድረስ በጊዜው አቅም ከባድ ነበር። ይሁን እንጂ የጋሞ እናት ፊደል ለመቁጠር ስትቀመጥ በሌላ ቋንቋ እንድትቆጥር የወሰነው ያ ምርጫ ነው። የቋንቋ ምርጫ የፖለቲካ ምርጫ ነው። በመደርደሪያ ላይ የሌለ ቋንቋ፣ ተናጋሪውን «አንተ አንባቢ እንጂ ተነባቢ አይደለህም» የሚል መልእክት ያስተላልፋል።

ይህ መልእክት እንዴት ያለ ቁጣ ሊያስነሣ እንደሚችል የታየውም በዚሁ አካባቢ ነው። በያኔው የሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በአንድነት ይተዳደሩ ነበር። ቋንቋዎቻቸው የሚቀራረቡ በመሆናቸው አራቱን አዋሕዶ አንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማበጀት ተሞከረ፤ ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደሎች ተቀናብሮም «ወጋጎዳ» ተባለ። መማሪያ መጻሕፍት በዚሁ ቋንቋ ታተሙ፤ ለትምህርት ቤቶችም ተሠራጩ። በ1992 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱም ከትምህርት ቤት እንዲወጡ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ። ሕዝቡ ያልተጠየቀበትን መጽሐፍ አልቀበልም አለ፤ ይህን ለማለትም መብት ነበረው።

አሁን ወደ ጨንቻው ንባብ ቤት እንመለስና ከባዱን ጥያቄ እናንሣ። ያ ጠባቂ ከወጋጎዳ መጻሕፍት አንዱን ቢያገኝ ምን ያድርገው? በሥልጣን የተጫነ፣ በሕዝብ የተጣለ፣ የሰው ደም የፈሰሰበት መጽሐፍ ነው። ስለ ሥልጣን አድልዎ ብቻ የሚጨነቅ ሰው እዚህ ላይ «ጣለው» ይላል፤ ሕዝብ ፈርዷልና። ነገር ግን የተቆጣ ሕዝብም ከልካይ ሊሆን ይችላል፤ ቁጣው ትክክለኛ በሆነበት ጊዜ እንኳ። መጽሐፉ ከመማሪያ ክፍል መውጣቱ ፍትሕ ነው፤ ከመታሰቢያ መውጣቱ ግን ጉዳት ነው። ነገ ሌላ ሹም ሕዝቡን ሳይጠይቅ ቋንቋ ልፍጠርላችሁ ብሎ ቢነሣ፣ «ይህን ተመልከት፤ ተሞክሮ ነበር፤ ዋጋውም ይህ ነበር» ብሎ የሚያሳየው ማነው? አንዲት ቅጂ በመደርደሪያ ላይ ብትቀር ከብዙ ንግግር የበለጠ ትመሰክራለች። ስሕተት የሚታረመው ማስረጃው ሲጠበቅ እንጂ ሲቃጠል አይደለም።

«ታዲያ የሚያጫርስም መጽሐፍ ይያዝ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በብሔርና በሃይማኖት ስም ደም በፈሰሰበት አገር ቃል እሳት መሆኑን የሚክድ የለም። መልሱ ግን ሁለት ነገሮችን በመለየት ይጀምራል። ሰውን ግደሉ የሚል ጽሑፍ ወንጀል ነው፤ ወንጀልን የሚዳኘው ፍርድ ቤት ነው፤ በማስረጃ፣ በክርክር፣ በይግባኝ። የመጽሐፍ ጠባቂ ይህን ሥልጣን በጓዳው ሊወስድ አይገባውም። ከዚህ በመለስ ያለው፣ የሚያስቆጣው፣ የሚያስቀይመው፣ አንዱን ወገን የሚነቅፈው መጽሐፍ ግን የክርክር ጽሑፍ ነው። የክርክር ጽሑፍ መድኃኒቱ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ጽሑፍ ነው። ለሕፃናት የሚቀርበውንና ለአዋቂ የሚቀርበውን መለየትም ጥንቃቄ እንጂ ክልከላ አይደለም።

«እንግዲያውስ ለየወገኑ እኩል ቁጥር ይገዛ፤ አምስት ከዚህ፣ አምስት ከዚያ» የሚል ሌላ ሐሳብም ይቀርባል። ይህ ፍትሕ ይመስላል፤ ግን ፍትሕን በመቁጠሪያ መተካት ነው። የክርክር ወገን ሁልጊዜ ሁለት ብቻ አይደለም፤ በደንብ ተመርምሮ የተጻፈና በጥድፊያ የተለቀመ ወሬም እኩል አይመዘኑም። መራጩ ጥሩውን ከመጥፎ የመለየት ሙያውን መተው የለበትም። ሊተወው የሚገባው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ይህ ሐሳብ ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ አለመጠየቁን ነው።

ይህን ሁሉ ሸክም በአንድ ጠባቂ ትከሻ ላይ መጫን ደግሞ ሌላ ግፍ ይሆናል። ጠባቂው ደመወዝተኛ ነው፤ የሚያበላቸው ልጆች አሉት፤ የሚፈራው አለቃ አለው። ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚቀረው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ሳይሆን፣ ትእዛዝ ሊመጣ ይችላል ብሎ በፈራ ሰው ግምት ነው። ስለዚህ ጀግንነትን ከአንድ ሰው መጠበቅ ሳይሆን ጀግንነት የማያስፈልገውን አሠራር ማበጀት ይሻላል። ለዚህ የሚሆን ትምህርት ከጋሞ ደጋ ራሱ ይገኛል። ጋሞዎች ዱቡሻ የሚሉት የአደባባይ ሸንጎ አላቸው። በዱቡሻ ነገር የሚያልቀው በጓዳ ሹክሹክታ ሳይሆን በገሃድ ንግግር ነው። የሚቃወመው ይነሣል፣ ይሰማል፣ ይመለስለታል፤ ስምምነት እስኪገኝ ነገሩ ይመላለሳል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣውን ወጣት ሲመልሱ አገር ያየው የዚህን ሥርዓት ጉልበት ነው። መሣሪያ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ከሕዝብ ፊት ያልተሰወረ ቃል ነው።

የመጽሐፍ ምርጫም ዱቡሻ ያስፈልገዋል። መምህር፣ ሸማኔ፣ ተማሪ፣ የአገር ሽማግሌ የሚገኙበት ጉባኤ በየጊዜው ተቀምጦ የሚገዛውን ይመክር። የተገዛው ብቻ ሳይሆን ቀርቦ ያልተገዛውም ከነምክንያቱ በመዝገብ ይስፈር፤ መዝገቡም ለጠየቀው ሁሉ ክፍት ይሁን። የመራጩ ልብ አይታይም ተብሏል፤ በጽሑፍ የሰፈረ ምክንያት ግን ይታያል። «ገንዘብ አልበቃም» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። «ደራሲው የእኛ ሰው አይደለም» ብሎ መጻፍ ግን ያሳፍራል፤ የሚያሳፍር ምክንያት ደግሞ በገሃድ መጻፍ ሲኖርበት ብዙ ጊዜ ምክንያት መሆኑን ይተዋል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግለጫ የመጻሕፍት ክምችት ከርዕዮተ ዓለም፣ ከፖለቲካና ከሃይማኖት ክልከላ ነጻ እንዲሆን ጠይቋል። መግለጫው በዓለም መድረክ የወጣ ነው፤ በተግባር የሚውለው ግን እንዲህ ባለ የአንዲት ከተማ መዝገብ ነው።

ዱቡሻንም ቢሆን ያለ ነቀፌታ ማወደስ አይገባም። በቀድሞው ሥርዓት ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚያለፉ ወገኖች ከዚያ ሸንጎ የተገለሉ ነበሩ። ሁሉም የተሰማ በመሰለበት አደባባይ ያልተጠራ ሰው ነበረ። ይህ እውነት ለመጽሐፍ መራጮች ጉባኤ ታላቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ስምምነት ብቻውን የፍትሕ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የማይስማማው ከበር ውጭ ተትቶ የተገኘ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ጉባኤው በተቀመጠ ቁጥር አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን እንግዛ?» ሳይሆን «እዚህ ማን የለም?» የሚለውን መሆን አለበት። ከዚያም ለራሱ አንድ ፈተና ያቅርብ፤ ሥልጣኑ ዛሬ በሌላኛው ወገን እጅ ቢሆን፣ ይህን መጽሐፍ በዚሁ ምክንያት እጥለው ነበር ወይ? መልሱ «አልጥለውም» ከሆነ፣ ምክንያቱ መጽሐፉ ሳይሆን ወንበሩ ነው።

በመጨረሻ «ወመዘክር አለ አይደለም እንዴ? ሁሉም እዚያ ይቀመጣል» የሚለውን መልስ መመርመር ያሻል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በአገር ውስጥ የሚታተመውን ጽሑፍ ቅጂ የመሰብሰብና የማቆየት አደራ አለበት፤ የ1991ዱ አዋጅም ይህንኑ አጽንቷል። ይህ የአገር ሀብት ነው። ነገር ግን ከጨንቻ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መጽሐፍ በዋና ከተማ መኖሩ ለደጋው ልጅ ተስፋ እንጂ ንባብ አይሆንም። ተቃራኒ ሐሳብ ለተመራማሪ ብቻ ተፈቅዶ ለአርሶ አደር ልጅ ከተነፈገ፣ «አንተ ገና አልበሰልህም» ተብሎ ተፈርዶበታል ማለት ነው። ከመደርደሪያው ፍርድ ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የተፈረደው በመጽሐፉ ላይ ሳይሆን በአንባቢው ላይ ነውና።

ሸማኔ ድሩን ብቻ ዘርግቶ ጨርቅ ሠራሁ አይልም። ድሩን የሚያቋርጥ፣ ከጎን የሚገባ፣ አልፎ የሚመለስ ማግ ያስፈልገዋል፤ ልብስ የሚጸናው ክሮቹ ስለሚተላለፉ ነው። በአንድ አቅጣጫ የተዘረጋ ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ሲለብሱት ይበተናል። መንግሥታት ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ የመጽሐፍ ጠባቂው ሥራ የዛሬውን መንግሥት ማስደሰት ወይም የትናንቱን መበቀል አይደለም። ሥራው ገና ያልተወለደው አንባቢ በመጣ ጊዜ ክርክሩን በሙሉ፣ አሸናፊውንም ተሸናፊውንም፣ አግኝቶ በራሱ እንዲፈርድ ማድረግ ነው። ያ አንባቢ የሚፈርደው በጥንቱ ክርክር ላይ ብቻ አይሆንም፤ መጻሕፍቱን በመረጡለት ላይም ይፈርዳል።